ኖዝሉ ተሠርቶ ሞተሩ ለምን አኮረፈ?

ፖምፓ ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ክርክር መስማቱ አይቀርም። ሾፌሩ «ስድስቱንም ኖዝል አሠርቼ መኪናው ከበፊቱ ባሰበት» ይላል። ኖዝል ሠሪው የገጠመውን መካኒክ ይወቅሳል። መካኒኩ ደግሞ ጣቱን ወደ ናፍጣው ይቀስራል። ሦስቱም ተራ በተራ ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ይሁንና ኖዝል ወጥቶ ከገባ በኋላ የሚመጣ አዲስ ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኖዝሉ ሆድ ውስጥ አይደለም። የሚገኘው ኖዝሉን ለማውጣትና ለመመለስ ሲባል እጅ በነካቸው ነገሮች ላይ ነው፤ ቱቦው፣ ሮንዴላው፣ መላሽ ቱቦው፣ ማሰሪያው። ፍለጋም መጀመር ያለበት ከዚያ ነው፤ ርካሹም እሱ ነውና።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ወደ አሥራ ሰባት እጥፍ ገደማ ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚያች ቅጽበት ደቅቆ የተረጨ ናፍጣ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ውስጥ በሚሠራ ሞተር ሲያሳይ ነዳጁን የሚረጨው በታመቀ አየር እየነፋ ነበር። ለዚህ ራሱን የቻለ አየር ማመቂያ ማሽን ስለሚያስፈልግ ሞተሩ ለፋብሪካና ለመርከብ ካልሆነ ለመኪና አይመችም ነበር። ናፍጣን በራሱ ግፊት የሚረጩ ፖምፓዎችን የሮበርት ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በብዛት ማምረት ሲጀምር ግን የናፍጣ ሞተር የጭነት መኪናን ገበያ ያዘ።

በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር ላይ እያንዳንዱ ኖዝል በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ በደቂቃ 6,000 ርጭት ማለት ነው። አንዱ ርጭት የሚፈጀው ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ሁለት ሦስት ያህሉን ነው። በዚህች ጊዜ ናፍጣው በእኩል መጠን ገብቶ፣ ደቅቆ፣ ከዚያ ጠብታ ሳያስቀር መቆረጥ አለበት። ይህን የምትሠራው መርፌ ከቤቷ ጋር ያላት ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን እንደሆነ ካሰብን፣ ቱቦ ሲፈታ የገባች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ምን ልታደርግ እንደምትችል መገመት አይከብድም። አሸዋ በሚነፍስበት መንገድ ዳር፣ አፉ ሳይከደን የተቀመጠ ቱቦ አዲሱን ኖዝል በመጀመሪያው ቀን ሊገድለው ይችላል። ንጹሕ ላስቲክ በአፉ ላይ ማሰር ምንም አያስወጣም፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ኖዝል ሠሪው የሚያደርገው ይህ ነው። ያረጀውን ጫፍ አውጥቶ ያጥባል ወይም በአዲስ ይተካል፤ የመክፈቻ ግፊቱን ከስፕሪንጉ ጋር በምትገባ ስስ ሺም ያስተካክላል፤ ከዚያ ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ ላይ ይሞክረዋል። የመክፈቻ ግፊቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ በመካኒካል ፖምፓ በሚሠሩ የጭነት መኪኖች ላይ ባብዛኛው ከ200 እስከ 300 ባር ባለው መካከል ነው። ጫፉ ማንጠባጠብ አለማንጠባጠቡን ለማየት ከመክፈቻው በ20 ባር ዝቅ ባለ ግፊት ለ10 ሴኮንድ ያህል ይያዛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠብታ ከጫፉ መውደቅ የለበትም። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የምጠይቀው እኩልነቱን ነው። አምስቱ በአንድ ግፊት ተከፍተው ስድስተኛው 40 ባር ቀድሞ የሚከፈት ከሆነ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የስድስቱን ቁጥር ጽፎ የማይሰጥ ፖምፓ ቤት ሥራውን ጨርሷል ብዬ አላምንም። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ኋላ የሚመጣውን ክርክር ግማሹን ትዘጋለች።

ምሳሌ የሚሆነን ሞተር በመንገዳችን ላይ ሞልቷል። ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ሆዎ ላይ ያለው ደብልዩ ዲ 615 የዘር ሐረጉ የኦስትሪያው ሽታየር ነው፤ ቻይና በ1980ዎቹ በፈቃድ የወሰደችው። ስድስት ሲሊንደር፣ 9.7 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ፣ በጎኑ ደግሞ ስድስቱንም የሚመግብ አንድ ረጅም ፖምፓ። ለመካኒክ ግልጽ ሞተር ነው፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ይመልሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይነሣል ወይስ አይነሣም ነው። ኖዝል ተገጥሞ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ፣ ወይም ተነሥቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከጠፋ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው አየር ነው። ፖምፓው የተሠራው ናፍጣን ለመግፋት ነው፤ ናፍጣ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ አረፋ ካለ የፖምፓው ግፊት አረፋውን እያሳነሰ ይቀራል እንጂ መርፌዋን አያነሣትም። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። የፊልትሮው አናት ላይ ያለችው ቡሎን ትላላለች፤ የእጅ ፓምፑ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ ይመታል፤ ቡሎኗ ትጠብቃለች። ቀጥሎ ኖዝሎቹ ላይ የቱቦዎቹ ዳዶ በግማሽ ዙር ላልቶ ሞተሪኖው ይዞራል፤ ናፍጣ ብቅ ሲል ይጠብቃል። ሞተሪኖን ግን ከ15 ሴኮንድ በላይ ያለ ፋታ ማዞር ሌላ ጥገና መጥራት ነው። ባትሪው ከደከመና ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ የሚፈለገውን ያህል አይግልም፤ ያኔ ኖዝሉ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

አየሩ ወጥቶ በነጋታው ተመልሶ ከገባስ? ያኔ መግቢያ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከሰልባትዮ እስከ ማቅረቢያ ፓምፑ ያለው መስመር በመሳብ የሚሠራ ስለሆነ ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበት ፈልጎ ያጣ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ያን መስመር ለአንድ ሰዓት በሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ መተካት አረፋውን በዓይን ያሳያል።

ሞተሩ ተነሥቶ ግን የሚርድ ከሆነ ጥያቄው የቱ ሲሊንደር ነው የሚለው ይሆናል። በሚኒሞ እያለ የአንዱ ኖዝል ቱቦ ዳዶ ሲላላ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ድምፁ ከተለወጠና ሞተሩ ይበልጥ ከራደ ሲሊንደሩ ሲሠራ ነበር። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ በሽተኛው እሱ ነው። አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ በሽተኛው ሲሊንደር ተገኘ ማለት በሽተኛው ኖዝል ተገኘ ማለት አይደለም። ለምሳሌ በሽተኛው ሦስተኛው ከሆነ፣ እሱ ላይ ያለውን ኖዝል ወደ አራተኛው፣ የአራተኛውን ወደ ሦስተኛው አዛውሮ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። በሽታው ወደ አራተኛው ከተከተለ ኖዝሉ ወደ ሠሪው ይመለስ። በሽታው ሦስተኛው ላይ ከቀረ ኖዝሉ ነጻ ነው፤ ቫልቩ፣ ፋሻው ወይም ከፖምፓው የሚመጣው ግፊት ይመርመር። ይህ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ስንቱን ጭቅጭቅ ባስቀረ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር ግን ለችኩል ሰው ይከብዳል፤ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይለውጥና መኪናው ሲሻለው በየትኛው እንደዳነ ሳያውቅ ይቀራል።

ቱቦዎቹ ቦታ ተለዋውጠው የሚገጠሙበትም ጊዜ አለ። የዚህ ሞተር የማቀጣጠል ቅደም ተከተል 1-5-3-6-2-4 ነው፤ ፖምፓው ላይ ያሉት መውጫዎች ግን በተራ ከአንድ እስከ ስድስት ተደርድረዋል። ብረቱ ቱቦ የየራሱ እጥፋት ስላለው ጤነኛ ከሆነ አልገጥም ብሎ ራሱ ይናገራል። በጉልበት ታጥፎ የተገጠመ ቱቦ ሲታይ ግን መጠርጠር ነው።

ከሁሉ በላይ መዘግየት የሚገባው ግን ትንሿ የመዳብ ሮንዴላ ላይ ነው። ኖዝሉ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእሳቱን ጋዝ የምትዘጋ እሷ ናት። አሮጌው ኖዝል ሲወጣ አሮጌዋ ሮንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ጨለማ ነው፣ ጥቀርሻ ነው፣ አትታይም። በአሮጌዋ ላይ አዲሷ ስትደረብ ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ርጭቱ የፒስተኑን ጎድጓዳ ስቶ ጠርዙን ይመታል፤ ጥቁር ጭስ ይመጣል፣ ጉልበት ይጠፋል። ተቃራኒውም አለ፤ አሮጌዋ ሮንዴላ እንደገና ሥራ ላይ ስትውል፣ ወይም የጉድጓዱ ወለል ሳይጠረግ አዲሷ ስትቀመጥ ጋዙ ያመልጣል። ኖዝሉ ሥር «ፍስ፣ ፍስ» የሚል ድምፅ ከሞተሩ ዙር ጋር ይሰማል፤ ቆይቶም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ጥቀርሻ ኖዝሉን ቴስታታው ላይ ይቀብረዋል። ያን ኖዝል የሚያወጣ ሰው እንደገና የሚያነሣው ቡሎን አይደለም፤ ሙሉ ቴስታታውን ነው። የሮንዴላዋ ውፍረትም የራሱ ልክ አለው፤ ከሱቅ የተገኘችው ሁሉ አትሆንም።

ማሰሪያውም እንዲሁ ነው። «ጠበቅ አድርገው» በሚል መመሪያ፣ ረጅም ቧንቧ በመፍቻው ላይ ሰክቶ የሚያጠብቅ ሰው የኖዝሉን አካል ያጣምመዋል። መሞከሪያው ላይ በነጻነት ይንቀሳቀስ የነበረ መርፌ እዚያ ሲገባ ይነክሳል። ተመልሶ ፖምፓ ቤት ሲመጣ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው። ቶርክ ሬንች በብዙ ጋራዦች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፤ ለዚህ ሥራ ግን መውረድ አለበት።

በብዙ የጭነት መኪና ሞተሮች ላይ ኖዝሉ የሚገባው ዙሪያውን የራዲያተር ውኃ በሚያቅፈው የመዳብ ቤት ውስጥ ነው። ኖዝሉ በጉልበት ሲሳብ ቤቱም አብሮ ይነቃነቃል። ከዚያ ራዲያተሩ ላይ አረፋ ይታያል፣ ውኃ ያለ ፍሳሽ ይጎድላል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው ተብሎ ለሌላ ወጪ በር ይከፈታል። ኖዝል ከመነቀሉ በፊት ይህ ምልክት ካልነበረ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ መዳቡ ቤት ይሂድ።

ጭሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ነጭና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ የዘገየ ታይሚንግ ወይም የደከመ ሲሊንደር። ጥቁሩ ናፍጣው በዝቶ አየሩ ማነሱን ወይም ናፍጣው ሳይደቅ መግባቱን ይነግራል። ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ባብዛኛው ከኖዝል ጋር አይገናኝም። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፤ ሞተሩ ናፍጣ ተከልክሏል። የተዘጋ ፊልትሮ ይፈተሻል፤ ሙሉ በሙሉ ያልተመለሰ የማጥፊያ ገመድ ይታያል። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚረሳ አለ። ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ወደ ፖምፓው ጀርባ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተርቦው አየር መስጠቱን ለፖምፓው ታሳውቃለች፤ ኖዝል ሲነቀል ከመንገድ ትነሣና ሳትመለስ ከቀረች ፖምፓው ተርቦ እንደሌለ ቆጥሮ ናፍጣ ይቀንሳል። መኪናው በሜዳ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ይለምናል።

ዳገት ከተነሣ የኛ መንገድ ባሕርይ መጠቀስ አለበት። ጅቡቲ ወደብ ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ንጹሕ ጭስ የነበረው መኪና አዳማን አልፎ ሲወጣ ጠቆር ያለ ጭስ ቢያሳይ ኖዝሉ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። የአየር ፊልትሮውና የኢንተርኩለሩ ቱቦ ሳይታዩ ስድስት ኖዝል መንቀል ስሕተት ነው። የአፋር ሙቀትም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ናፍጣ ሲግል ይቀጥናል፤ በቀጠነ ጊዜ በተበላ የፖምፓ ክፍል በኩል ያመልጣል። ጠዋት በአንድ ምት ተነሥቶ፣ ሰመራ ላይ ምሳ ተበልቶ ሲመለሱ አልነሣ የሚል ሞተር ከአዲሱ ኖዝል ይልቅ የተበላውን ፖምፓ ያመለክታል። ከላምባ ጋር የተቀላቀለ ናፍጣ ደግሞ ይህን ድካም ያፋጥነዋል፤ ናፍጣው ለእነዚህ ብረቶች ነዳጅም ቅባትም ነው፤ ላምባ ቅባትነቱ አነስተኛ ነው።

ፖምፓው አብሮ ወርዶ ከሆነ ታይሚንጉ ይጠየቃል። ፖምፓው በአንድ ጥርስ ቀድሞ የተገጠመለት ሞተር በብረት እንደሚመታ ያንኳኳል፤ የዘገየው ነጭ ጭስ እየተፋ ይሞቃል፣ ይሰንፋል። ምልክቶቹ በመጀመሪያው ሲሊንደር ላይ መገናኘታቸው በዓይን መታየት አለበት፤ በጆሮ ብቻ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ፖምፓ ከተፈታ በኋላ ለሚደረገው የመጀመሪያ ማስነሣት ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። የፖምፓው ዘንግ ክፍት ላይ ከነከሰ ሞተሩ ማንም ሳይረግጠው እየጮኸ ይወጣል፤ ቁልፍ መዝጋትም አይሰማውም። ስለዚህ አየር ማስገቢያውን ሊዘጋ የሚችል ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ላሜራ የያዘ ሰው አጠገቡ መቆም አለበት። እጅ ወይም ጨርቅ ግን አይሆንም፤ ይስበዋል።

እስካሁን የተባለው ዳዶ የማላላት ዘዴ በአዲሱ ትውልድ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1995 ሂኖ የጭነት መኪና ላይ ያወጣው ኮመን ሬል ዛሬ በአዳዲሶቹ ሲኖትራኮችና አይሱዙዎች ላይ አለ። ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ከ1,600 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት ይጠብቃል፤ ኖዝሉን የሚከፍተው ኮምፒዩተሩ ነው። ሞተሩ እየሠራ እዚያ ላይ ዳዶ ያላላ ሰው ናፍጣ ቆዳውን ሰንጥቆ ሊገባበት ይችላል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፤ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን እንጂ በጣት አይደለም።

በዚህ ሞተር ላይ ምርመራው ወደ መላሹ ይዞራል። የእያንዳንዱ ኖዝል መላሽ ቱቦ ተነቅሎ ወደ የራሱ ጠርሙስ ይገባል፤ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ከጓደኞቹ በእጅጉ አብዝቶ የሞላው ጠርሙስ የሚያፈሰውን ኖዝል ይጠቁማል። የሚያፈስ አንድ ኖዝል የጋራውን ግፊት ስለሚያወርድ ስድስቱም እንዳልተሠሩ ያስመስላል፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ኖዝሉ አካሉ ላይ የተጻፈ የራሱ መለያ ኮድ አለው፤ አዲስ ሲገባ ያ ኮድ በምርመራ መሣሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ ካልገባ ሞተሩ ለአሮጌው በተሠራ ልክ አዲሱን ያዘዋል፤ ያንኳኳል፣ ይርዳል፣ ያጨሳል። ኖዝሎቹ ከመግባታቸው በፊት ኮዱን ፎቶ ማንሣት ይሻላል፤ ከተገጠሙ በኋላ ለማንበብ ሊያስቸግር ይችላል።

ትራከር ኢቬኮ ላይ የሚገኙት ከርሰር ሞተሮች ሌላ መልክ አላቸው፤ ፖምፓውና ኖዝሉ አንድ አካል ሆነው ቴስታታው ውስጥ ይቀመጣሉ። ናፍጣውም በቴስታታው ውስጥ በተቦረቦረ መስመር ያልፋል። እዚያ የተቆረጠች አንዲት የጎማ ቀለበት ናፍጣውን ወደ ሞተር ዘይቱ ትለቀዋለች። ምልክቱ መለኪያው ላይ ዘይቱ እየጨመረ መታየቱ ነው። ዘይት እየጨመረ ሲሄድ የሚደሰት ሾፌር አለ፤ ሞተር ግን ዘይት አይወልድም። መለኪያውን ማሽተት ይበቃል፤ ናፍጣ ከሸተተ መኪናው አይንቀሳቀስ፤ የቀጠነ ዘይት የኮሎውን ብሮንዚና ይበላዋል። ይኸው ችግር መላሽ ቱቧቸው በቫልቭ ክዳን ሥር በሚያልፍባቸው ሌሎች ሞተሮችም ላይ ይከሰታል።

ሁሉም ተስተካክሎ መኪናው ጭኖ ከወጣ በኋላም አንድ የቀረ ሥራ አለ። የግፊት ቱቦዎቹን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት አድርገው የሚይዙ ትናንሽ ማሰሪያዎች ጥገና ላይ ይወልቃሉ፤ አንዱ ይጠፋል፣ «ያለሱም ይሄዳል» ይባላል። በእርግጥም ይሄዳል፣ ለጊዜው። ያልታሰረ ቱቦ በየርጭቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሳምንታት ቆይቶ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ናፍጣው በጋለው ተርቦ ላይ ከተረጨ ደግሞ እሳት ይነሣል። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ዳዶዎቹን መፈተሽ፣ ማሰሪያዎቹን መቁጠርና ዘይቱን መለካት አንድ ሰዓት አይሞላም።